ጥቁር የለበሰ መሬት

መስከረም 11

ለጋሼ ድንጋዩ፣

እንደምን ከረምክ? ብርዱስ፣ ብቸኝነቱስ፣ ያ ንፋስ የሚነቀንቀው የቆርቆሮ ጣሪያህስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። "ደህና ነን" የምልህ ደግሞ እንደ ወትሮው ወጉ እንዲደርስ አይደለም፤ ከልቤ ነው። ቤቱ አለቀ! ትናንት የመጨረሻውን መስኮት ገጠሙልን። ይህን የምጽፍልህም በራሴ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሲሚንቶው እየሸተተኝ ነው፤ ወንበር ገና የለንም።

ለቀደሙት ደብዳቤዎችህ ስላልመለስኩ አትቀየመኝ። በዚህ ሙቀት የበረዶ ፋብሪካው ዕረፍት የለውም፤ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ በረዶ በረዶ ይላል፣ እኔም ደረሰኝ ስቆርጥ እውላለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ ግንበኛው ይጠብቀኛል፣ አናጢው ይጠብቀኛል፣ ከሁሉም የባሰው ባሌ፣ አማችህ፣ መዶሻ ይዞ።

የጠየቅከኝን ልመልስ። አዎ፣ ፈቃዱ የወጣው በደንቡ ነው። ያ ጎርፍ የቀድሞ ሰፈራችንን ጠራርጎ ከወሰደና አንተም ጥናቱን ሠርተህ ከሄድክ ወዲህ ቃልህ እዚህ ሕግ ሆኗል፤ ጥቁር ድንጋይ በሌለበት መሬት ላይ አንድ ብሎኬት ማቆም ክልክል ነው። የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ መጣ፣ በጫማው ጫፍ ድንጋዩን ነካ ነካ አደረገ፣ "ጥቁር ነው" አለና ማኅተሙን መታ። ሻይ እንኳን ሳይጠጣ ሄደ።

ቦታውን ብታየው! አንተ በጥናትህ ያዘዝክልን ጥቁር መሬት ሁሉ ወደ ላይ ነው፣ ከተራራው ሥር፣ ንፋስ ሲያፏጭ የሚውልበት፣ ውሃ በቦቴ የሚጠበቅበት። የእኛ ግን ከወደቡ ጀርባ ነው። አማችህ ገልባጭ መኪናውን አቁሞ በእግሩ ነው የሚመጣው፣ ልጆቹ ሳይተኙ ይደርስባቸዋል። መርከብ ጥሩምባ ሲነፋ ብርጭቆዎቼ ይንቀጠቀጣሉ፤ ለምጄዋለሁ። እስካሁን በዚያ በኩል የሠራን እኛ ብቻ ነን፤ ሌሎቹ የእኛን አይተው ሊያመለክቱ አሰፍስፈዋል።

እኔን አዝለህ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት የተንከራተትክ አንተ ነህ፤ እናትና አባታችን ከሞቱ ወዲህ የራሴ የምለው በር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያንተም ነው። መጥተህ ግባበት። ትልቋ "አጎቴ መቼ ይመጣል?" እያለች ትነዘንዘኛለች፤ ትንሹ ገና አፉን መፍታቱ ነው።

እህትህ ሚጢ


መስከረም 29

ለሚጢዬ፣

እንኳን ደስ አለሽ! ደብዳቤሽን አንዴ ቆሜ፣ አንዴ ተቀምጬ አነበብኩት፤ ከዚያ ለተራራው የጥናት ጣቢያ ዘበኛ አነበብኩለት። "እግዜር ይባርከው" አለና ከእኔ ፓኮ አንድ ሲጋራ አውጥቶ አቀጣጠለ። ለቤትሽ የተጨሰ መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደስታሽን ላደፈርስ አይደለም፤ ታውቂኛለሽ፣ ሰው ሠርግ ቤት ሙሽራ ሲያይ እኔ ደረጃው የተሠራበትን ድንጋይ ነው የማየው። በእኔ ካርታ ላይ ከወደቡ ጀርባ ያለው መሬት ሁሉ ነጣ ያለ ጠጠር ነው። እዚያ ጥቁር መሬት መኖሩ ገርሞኛል። ያመለጠኝ ቁራሽ ይኖር ይሆናል፤ ሲያመልጠኝ የመጀመሪያው አይደለም።

"ደግሞ ትምህርቱን ጀመረ" ብለሽ ገጹን እንዳትዘይው። ወንዙ እኔ ካለሁበት ተራራ የሚወርደው በጠባብ ገደል ነው። ገደሉ ውስጥ ሳለ ጉልበቱ አይቻልም፤ ቤት የሚያክል ቋጥኝ ያንከባልላል። ከገደሉ አፍ ሲወጣ ሜዳው ይሰፋበታል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ የተሸከመውን ይጥላል፤ መጀመሪያ ቋጥኙን፣ ቀጥሎ ጠጠሩን፣ ባሕሩ ዳር ሲደርስ አሸዋና ጭቃውን። እንዲያ እየጣለ የገዛ መንገዱን ይደፍናል። ሲደፈንበት ወደ ዝቅተኛው ጎን ይዘላል፤ ያም ሲሞላ ወደ ሌላው። ከተማችሁ የተቀመጠችበት ሜዳ ሁሉ፣ ከገደሉ አፍ እስከ ባሕሩ ተንሰራፍቶ የምታይው፣ ወንዙ በየዘመኑ እየተዘዋወረ የተኛበት ነው። ቅርጹ ማራገቢያ ስለሚመስል በሙያችን የደለል ማራገቢያ እንለዋለን።

እርጥብ አገር ቢሆን ኖሮ ሣሩና ዛፉ አፈሩን ይዞ፣ ወንዙም በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ያወርድ ነበር። እዚህ ግን ዝናብ ለዓመታት ይጠፋል። ተዳፋቱ ራቁቱን ነው። ሙቀትና ብርድ የሰነጠቀው ድንጋይ በየጉድባው ይከማቻል። ከዚያ አንድ ከሰዓት ይዘንብና የዓመታቱ ሁሉ ባንድ ላይ ይወርዳል።

ጥቁሩ መሬት ግን በጥንት ጊዜ፣ አየሩ ሌላ ሳለ፣ ባሕሩም ከዛሬው ዳርቻ ርቆ ሳለ የተነጠፈ ነው። ወንዙ በኋላ ወደ ታች ሰርስሮ ወረደና ያን ከፍ ብሎ እንዳለ ተወው። ውሃ ሳይነካው ሺህ ዓመታት ሲቀመጥ አቧራና ፀሐይ ጥቁር ልባስ ይቀቡታል። ጥቁር ባያችሁበት ተኙ ያልኩት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ላስቸግርሽ። ከግቢሽ ጥቂት ድንጋይ ገልብጪና ሆዱ ምን እንደሚመስል ጻፊልኝ። ካርታዬን ላርምበት።

ወንድምሽ


ጥቅምት 25

ለጋሼ፣

ሰላምታዬ በእጥፍ ይድረስህ፤ አንዱ የዘገየሁበት ይሁን። አይ፣ አላረገዝኩም። ደብዳቤዬ ባጠረ ቁጥር አረገዘች ማለቱን ተው። ፋብሪካው ውስጥ አንዱ መጭመቂያ ተበላሽቶ ዓሣ አጥማጆቹ ሊበሉን ነበር፤ የታመመው ሞተሩ፣ የምሰደበው እኔ።

አልጋ ገዛን። አማችህ መደርደሪያ ሠራ፤ ትንሽ ወደ ግራ አዘንብሏል፣ እኔ ግን አላየሁም ብዬ ዝም ብያለሁ። ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍቼ ደፉ ላይ እቆማለሁ፣ እንዲሁ ያለ ሥራ። ማንም "ልቀቂ" የማይለኝ መሆኑን ለራሴ ለማስረዳት ነው መሰለኝ።

ያልከኝን ድንጋይ ትልቋ ጨዋታ አድርጋው ስታገላብጥ ዋለች። አንዳንዱ ላዩ ጥቁር፣ ሆዱ ቀላ ያለ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ተገላቢጦሽ፣ ሆዱ ጥቁር ላዩ ቀይ። በጎኑ የቆመም አለ፣ ግማሽ በግማሽ። ካርታህን ካረመልህ ደስታው የልጅቷ ነው።

ምስኪን፣ ለዚሁ ጨዋታ ቁጣ ደርሶባታል። አባቷ ከሥራ ሲገባ አያትና ክንዷን ይዞ አስነሳት። በልጁ ላይ ጮኾ የማያውቅ ሰው! "ግቢውን አታበላሺ" አላት። ድንጋይ እንዴት ይበላሻል? ማታ ደግሞ ወጥቶ ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ሲያስተካክላቸው በመስኮት አየሁት፣ ጥቁሩን ወደ ላይ እያደረገ። ሥራው አድክሞታል መሰለኝ፣ ዕረፍት ውሰድ እያልኩት ነው።

ሚጢ


ኅዳር 9

እህቴ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ። ይህን የሚያደርስልሽ ዱቄት ጭኖ የሚወርደው ሾፌር ነው፤ ከአንቺ እጅ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ።

ድንጋይ በራሱ አይገለበጥም። ጥቁሩ ልባስ የሚወጣው ሰማይ በሚያየው ፊቱ ላይ ነው፤ መሬት የነካው ሆዱ ቀላ ብሎ ይቀራል። ሳይነካ በኖረ መሬት ላይ ድንጋዩ ሁሉ ጥቁር ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ነው የሚገኘው። ግቢሽ ውስጥ ግማሹ በፊቱ የተደፋው ሰው ስላራገፈው ነው። ከላይኛው ሜዳ ተጭኖ መጥቶ ነጩ ጠጠር ላይ ተበትኗል። ማን እንዳመጣው አላየሁም። ግን ቤትሽ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አለ፤ ልጅቷን የተቆጣት እሱ ነው።

ይህ ቁጣ አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ባለፈው ጎርፍ ወንዙ ከወደቡ ማዶ ያለውን መንገዱን እስከ አፉ ሞልቶት ነው የሄደው፤ አልጋው አሁን ከግራ ቀኙ መሬት ከፍ ብሏል። ቀጣዩ ውሃ በዚያ አይወርድም። ዝቅ ያለውን ጎን ይፈልጋል፣ እሱም ከወደቡ ጀርባ ነው። ገደሉን ደግሞ ትናንት ሄጄ አየሁት፤ በየጉድባው ድንጋይ ተከምሯል። የሚመጣው ውሃ ብቻ አይደለም ሚጢ፣ ውሃ የሚገፋው ድንጋይ ነው። ብሎኬት አይመክተውም።

ጠይቂው። መልሱ ምንም ይሁን ምን ልጆቹ እዚያ ቤት እንዳያድሩ። በእናታችን አጥንት ይዤሻለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 2

ለጋሼ፣

በሾፌሩ የላክኸውም፣ ከሱ ኋላ በፖስታ የመጣውም ደርሶኛል። ዝም ያልኩት ንቄህ አይደለም፤ ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው።

እሱ ነው። ስጠይቀው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ በመጨረሻ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። እሑድ እሑድ በወደቡ ገልባጭ መኪና ከላይኛው ሜዳ እየጫነ አምጥቶ በትኖታል። እኔ መሬት የሚያስደለድል መስሎኝ ምሳ እቋጥርለት ነበር። "የተጠየቅነው እኮ ጥቁር ነው" ይለኛል። "ጥቁር አሉ፣ ጥቁር አደረግሁላቸው።" ሌባ አይደለም፣ ታውቀዋለህ። በኪራይ ሳለን ልጆቹን የሚያየው ተኝተው ነበር፤ ከሥራዬ አጠገብ ላኑራቸው ብሎ ነው። ወንዙ ይመጣል ብሎ ከልቡ አላመነም። በደረቅ ጠጠር ላይ ቆሞ ውሃ ይመጣል ብሎ የሚያምን ማን አለ?

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ግን ያንቀኛል። ለምን በቀለም አደረግከው፣ ጋሼ? "ገልብጣችሁ ሆዱን እዩ" የሚል አንድ መስመር ብትጨምር ምን ነበረበት? ይቅር በለኝ። በሱ ላይ ጮኼ ስላልወጣልኝ ነው።

እንወጣለን። ላይኛው ሜዳ እናቱ ዘንድ እንገባለን፤ አንድ ክፍል ናት፣ እንደምንም እንተፋፈጋለን። ልለምንህ የፈለግሁት ግን ይህን ነው፤ ለማዘጋጃ ቤቱ አትጻፍ። መኪናው የወደቡ ነው። ከተሰማ ከሥራ መባረር ብቻ አይደለም፣ መታሰር አለ። ወደ ሌላኛው ወደብ ልዛወር ብሎ አመልክቷል፤ እስኪዛወር ታገሠን። እዚያ ከእኛ ሌላ የሠራ የለም። እኛ ከወጣን ማን ይጎዳል? አንተ ፊት አልቅሼ የከለከልከኝ ነገር የለም፤ አሁንም እያለቀስኩ ነው።

ሚጢ


ታኅሣሥ 17

ሚጢዬ፣

መውጣታችሁን አንብቤ ነፍሴ መለስ አለች። እንቅልፍ ካየሁ ሰንብቼ ነበር።

ስለ ቀለሙ ያልሽው ልክ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ "ባጭሩ ንገረን፣ ሰው የሚገባው ነገር ስጠን" አለኝ፤ ባጭሩ ነገርኳቸው። ሰው ድንጋይ ጭኖ ይዞራል ብዬ አላሰብኩም። ድንጋይ ሳጠና ሰው ማጥናት ረስቻለሁ።

እሺ፣ ዝም እላለሁ። ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ፤ ስላሳደግሁሽ ነው እንጂ ሌላ ሰው ቢለምነኝ ፊት አልሰጠውም ነበር። ዝናቡ እኔ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ከመጋቢት በፊት ጥሎ አያውቅም። እስከ መጋቢት መባቻ እታገሣለሁ። ከዚያ ባልሽ ተዛወረም አልተዛወረም እጽፋለሁ፤ ያሰፈሰፉት ሰዎች ፈቃድ አግኝተው ከገቡ ነገሩ የእኛ መሆኑ ይቀራል።

ግዴታ አለብሽ። ቤቱ ይቆለፍ። ዕቃ አይቀመጥበት፣ ዘበኛ አይደርበት። ባልሽም በምሳ ሰዓት ጋደም ልበል ብሎ አይግባ። ማንም አይግባ።

ወንድምሽ


ጥር 8

ለጋሼ፣

እንደምነህ? ጉንፋኑ ለቀቀህ? ማር ልኬልህ ነበር፣ ሾፌሩ መንገድ ላይ ካልላሰው።

ስለ ኑሯችን ለጠየቅከኝ፣ አማቴ በእንቅልፏ ታወራለች፤ ስትነቃ ደግሞ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ንፋሱ ሰሃን ከእጅ ይነጥቃል። ውሃ የምንቀዳው ቦቴው ደስ ሲለው ነው። አማችህ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ልጆቹ ከተኙ ይገባል፣ እንደ ድሮው። ግን እዚህ ድንጋዩ ሁሉ በትክክል ነው የተኛው፤ ገልብጬ አይቻለሁ፣ እንድታውቀው።

የከበደኝ ሰው ነው። አዲስ ቤት ሠርቶ፣ ቆልፎ፣ አማቱ ጉያ የገባ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ፋብሪካ ውስጥ ሲያፋጥጡኝ "እርጥበት አለው" አልኳቸው። "በዚህ በረሃ?" ብለው እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። ለሌላዋ የባሕሩ አየር ለትንሹ አልተስማማውም አልኳት፤ ትንሹ እዚያው አጠገቧ የራሱን ክብደት የሚያክል ጀሪካን እየጎተተ ይሮጣል። አማቴ "ቤቱ ሰይጣን አለበት" ብላ ለሰፈሩ አውርታለች። ዛሬ ዛሬ ባመኗት እያልኩ ነው።

የወደቡን ክሬን ነጂ ታስታውሰዋለህ? ረጅሙ፣ የአማችህ ባልንጀራ፣ ጥናትህን ስትሠራ ውሃ ይዞ ይከተልህ የነበረው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የትልቋን የትምህርት ቤት ልብስ ሁሌ እሷ ናት የምትሰፋው። ወለደች፣ ሴት። አራስ ቤት ሳለች አከራያቸው "ልቀቁልኝ፣ ላፈርሰው ነው" ብሏቸዋል። ትናንት ሕፃኗን ታቅፋ እኔ ዘንድ መጥታ ብዙ ተቀመጠች። ሻይዋ ቀዘቀዘ። አንድ ነገር ጠየቀችኝ፣ እኔም አንድ ነገር መለስኩላት። እሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ፤ አሁን ቦቴው መጥቷል፣ ጀሪካን ላሰልፍ።

ሚጢ


ጥር 24

ሚጢዬ፣

ማሩ ደርሷል፤ ሾፌሩ ግማሹን ብቻ ነው የላሰው።

ልብስ ሰፊዋ ምን ጠየቀችሽ? ምንስ መለስሽላት? በሁለት ደብዳቤ ጠይቄሽ ስለ ልጆቹ ጥርስ ጻፍሽልኝ። ቤቱ ተቆልፏል ወይ? የምፈልገው አንድ ቃል ነው።

እዚህ አየሩ አላማረኝም። ከባሕሩ በኩል ደመና እየመጣ ከሰዓት ከሰዓት ተራራው ጫፍ ላይ ይቆማል፤ ማታ ይበተናል። በዚህ ወር አይቼው አላውቅም። ዘበኛው "ያልፋል" ይላል፤ እሱ ስለ ሁሉም ነገር ያልፋል ነው የሚለው።

ወንድምሽ


የካቲት 6

ለጋሼ፣

ምነው እንዲህ ትጨነቃለህ? ሴቶች ስንገናኝ የማንጠያየቀው ነገር አለ? የሕፃን ልብስ፣ ስለ ጡት፣ ስለ ባል። ቤቱ ደህና ነው፣ በሩም በደንብ ይቆለፋል፤ አማችህ ባለፈው ዘይት ቀብቶታል።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ዝውውሩ ጸደቀ! መጋቢት ሲገባ እሱ ቀድሞ ይሄዳል፣ እኛ እንከተላለን። ከዚያ አንተም ለማዘጋጃ ቤቱ ትጽፋለህ፣ ሁሉም ነገር መልክ ይይዛል። ይህችን ጥቂት ጊዜ ነው። ከመጋቢት በፊት አይጥልም ያልከኝ አንተ አይደለህም? እኔ እዚያ ላይ ነው የተደገፍኩት።

ይቅርታ፣ አጠረብህ። ትንሹ አተኩሶታል። ደግሞ አረገዝሽ እንዳትለኝ።

ሚጢ


የካቲት 14፣ ቅዳሜ

ሚጢዬ፣

ይህ ደብዳቤ የሚደርስሽ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። እየጻፍኩ ያለሁት እጄን ሥራ ለማስያዝ ነው።

ከእኩለ ቀን ጀምሮ እየዘነበ ነው። የዝናብ መለኪያው ሞልቶ ፈሰሰ፣ ደፍቼ መልሼ አስቀመጥኩት፣ እንደገና ሞላ። ጣሪያው እየጮኸ ዘበኛው የሚለኝን አልሰማም፤ አፉን ሳይ ግን ዛሬ "ያልፋል" አላለም። ሬድዮኑን ይዤ ዋና መሥሪያ ቤት ስጠራ ቆየሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ማን ያነሳል? መኪና ያለው ሰው የለም፤ ቢኖርም መንገዱ አሁን ወንዝ ነው።

ወደ ገደሉ አፍ ወርጄ ነበር። አታይው። መጀመሪያ ድምፁ ነው የመጣው፣ ከእግሬ በታች መሬቱ ሲያጉረመርም። ከዚያ ቡናማ ነገር ዞሮ መጣ፣ ፊቱ ላይ ቋጥኝ እየተንከባለለ። ውሃ መሆኑን የምታውቂው ከኋላው ሲንጣለል ነው። እዚያ የነበረው ክምር ሁሉ ተነቅሏል። እስከ ማታ እናንተ ዘንድ ይደርሳል።

እንዴት እንደምወርድ ጠፍቶኝ ቆሜ ሳለሁ አንድ ነገር ብቻ አጽናናኝ። እናንተ ላይኛው ሜዳ ላይ ናችሁ። ልጆቹ ከአያታቸው ጋር ጥቁሩ መሬት ላይ ናቸው፣ እዚያ አይደርስም፣ በዚህስ አልሳሳትም። የወደቡ ሰዎችም ድምፁን ሲሰሙ ወደ መርከቦቹ ይሸሻሉ። ቤቱ ይሄዳል። ይሂድ! ባዶ ቤት ነው፣ ይውሰደው። ድካማችሁ ያሳዝነኛል፣ በሩ ላይ መቆምሽ ያሳዝነኛል፤ ግን ግድግዳ ነው። ሌላ እንሠራለን፣ እኔው መጥቼ ድንጋዩን እየገለበጥኩ። ዝም በማለቴም ሰኞ ማዘጋጃ ቤቱን አፌን ሞልቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማንም አልተጎዳም፣ እላቸዋለሁ።

ለባልሽ እንዳልተቀየምኩት ንገሪው።

ወንድምሽ


መጋቢት 3

ለጋሼ፣

እኛ አለን። እኔም፣ ልጆቹም፣ እሱም፣ አማቴም። ይህን መጀመሪያ የጻፍኩት እሱን ፈልገህ ገጹን እንዳታገላብጥ ነው።

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። "ባዶ ቤት ነው" የምትለው ላይ ስደርስ ትልቋን ውጪ ላክኋት።

ባዶ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን የጠየቀችኝ ቤቱን ነው። "ተቆልፎ ከሚቀመጥ እስክናገኝ ብናርፍበትስ?" አለችኝ፣ ወለሉን እያየች። ሕፃኗ እቅፏ ውስጥ ነበረች። ምን ብዬ ልከልክላት? እርጥበት አለው ልበላት? አራስ መንገድ ላይ እየተጣለች፣ እኔ አዲስ ቤት ቆልፌ፣ "አይሆንም" ብዬ ዓይኗን ልያት? እውነቱን ብነግራት ለባሏ ትነግራለች፣ ባሏ ለወደቡ፣ የእኔው ባል እስር ቤት። ሌላ ምክንያት ፈለግሁ፣ አንድም አላገኘሁም። ይሉኝታ ያዘኝ። "ምን ገዶኝ፣ ቤቱ ያንቺ ነው" አልኳት። ተነስታ ጉልበቴን ልትስም ስትል አነሳኋት።

ለአማችህ ማታ ነገርኩት። "እስከ መጋቢት ነው" አልኩት፣ "ጋሼ እስከ መጋቢት አይጥልም ብሏል።" እሱም ይህንኑ ደጋግሞ አለው። ላንተ ለመጻፍ ተቀምጬ ነበር፤ ከዚያ ስለ ልጆቹ ጥርስ ጻፍኩልህ።

ክሬን ነጂው ቅዳሜ ተረኛ ነበር። ከክሬኑ ላይ ሆኖ አይቷል። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አልጽፍልህም፤ ውሃው የት የት እንደሄደ ሌላ ሰው ጠይቅ፣ ልክ አንተ እንዳልከው ነው የሄደው። እሷን በሦስተኛው ቀን ባሕሩ ዳር አገኟት። ሕፃኗን እስከዛሬ እየፈለጉ ነው። አማችህ በወደቡ መዛቂያ መኪና ጠጠሩን ሲያነሳ ይውላል፤ ዝውውሩን ትቶታል። ቤት ሲገባ አይበላም፣ እጁን ብቻ ደጋግሞ ይታጠባል። ቤቱ የነበረበት ቦታ ዛሬ ሜዳ ነው፣ ነጭ ጠጠር፤ እኔ ራሴ በሩ የቱ ጋ እንደነበር መለየት አቃተኝ።

ሰኞ ለማዘጋጃ ቤቱ እናገራለሁ ብለሃል። ከእንግዲህ አልለምንህም። እንደ ሕሊናህ አድርግ። እኔ ሕሊና የሚባለውን ነገር ስፈልገው የማገኘው ፍርሃቴን ብቻ ነው።

ለቅሶው የተጀመረ ዕለት ሄድን። አማችህ ለክሬን ነጂው ሊነግረው ነበር፤ አጠገቡ ተቀምጦ "ወንድሜ፣ ያ መሬት" ብሎ ጀመረ። እኔ እጁን ከሥር ጨበጥኩት። አጥንቱ እስኪንቋቋ ጨበጥኩት። ዝም አለ። ሰዉ ሐዘኑ አንቆት ነው ብሎ ውሃ አቀበለው።

ክሬን ነጂው ግን ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ወደ እኛ እየጠቆመ ይናገራል። "እነዚህ ናቸው፣ ሰው ሁሉ ፊቱን ሲያዞርብን ቤታቸውን የለቀቁልን። የሞተችው በሰው ደጅ አይደለም፣ በክብር ነው፤ ሰው ባመናት ቤት ውስጥ ነው።" ሰዉ ዞሮ ያየናል፣ አንዳንዷ መጥታ ትስመኛለች።

ትናንት ማምሻውን ደግሞ እዚህ ድረስ ወጣ፣ ያን ሁሉ ዳገት በእግሩ። ልጆቹን ሳመ። ከዚያ በሩ ላይ ቆመ፣ ሁለት እጁን ዘረጋ፣ መረቀን። "ቤታችሁን እንደከፈታችሁልን ሰማይ ይከፈትላችሁ። ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ። የእኔን ቀን አያሳያችሁ" አለ።

አማችህ ወደ ግድግዳው ዞረ። አንድ ሰው መመለስ ነበረበት።

አሜን አልኩ።

እህትህ